ሳይክል መንዳት ለማትችሉ የባሕር ዳር ሴቶች፦ ይሄን ቦታ ሞክሩት

ባሕር ዳር ሐይቅ ዳር ለአዋቂ ሰው፣ በተለይ ለሴቶች፣ ሳይክል የሚያስተምሩ አንድ ጋሼ አሉ። እሳቸው ጋ ተምሬ ጨርሻለሁ፣ አሁን ቢሮ የምመላለሰው በሳይክል ነው። ነገሩ ሳይበርድብኝ አስተያየቴን ልጻፍ ብዬ ነው። ባጭሩ፦ ሂዱ። የሄልሜታቸው ነገር ያናድዳል፣ ስልክ አያነሱም፣ ደረሰኝ የሚባል ነገር የለም። ግን ሂዱ። ረዘም አድርጋችሁ ማንበብ ለምትፈልጉ ደግሞ ይኸው።

ቦታው ትልቅ ድርጅት እንዳይመስላችሁ። ሰሌዳ እንኳን የለውም። ከጊዮርጊስ ወደ ሐይቁ ወረድ ብላችሁ ከሳይክል አከራዮቹ አንዱን "የሴቶቹ ማስተማሪያ የት ነው?" ብትሉ ያሳያችኋል። አንድ ቆርቆሮ ቤት፣ ደጁ ላይ የተደረደሩ ሳይክሎች፣ የጎማ መንፊያ፣ አንድ አግዳሚ ወንበር። በቃ። የሚሠሩት ጋሼና ሴት ልጃቸው ናቸው። ስማቸውን አልጽፍም፣ አላስፈቀድኩም።

ባሕር ዳር የሳይክል ከተማ ናት ሲባል ሰምተን ነው ያደግነው፣ እውነትም ነው። መሬቱ ሜዳ፣ መንገዱ ሰፊ። ትልልቆቹ እንደሚነግሩን ድሮ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ፈረቃ ሲለቅ መንገዱ በሳይክል ይሞላ ነበር። አሁንም ዩኒፎርም የለበሰች ተማሪ ታናሽ ወንድሟን ከኋላ ጭና ስትሄድ ዞር ብሎ የሚያይ የለም። ስለዚህ እዚህ ከተማ "ሴት ልጅ እንዴት ሳይክል ትነዳለች" የሚለው ለብዙዎቻችን ያለፈበት ወሬ ነው። የሚከብደው ትልቅ ሰው ሆኖ አለመቻል ነው። የስምንት ዓመት ልጅ የሚችለውን የሁለት ልጆች እናት ሆነሽ አለመቻል። እዚህ ላይ መማሩ ራሱ ከመውደቁ በላይ ያስፈራል፣ ምክንያቱም የምትማሪው ሰው እያየሽ ነው።

ከዚያ ሰበብ ይደረደራል። ወገቤን ያመኛል። ቀሚስ አይመችም። ጊዜ የለኝም። ይሄ የመጨረሻው ደግሞ ውሸት አይደለም። ጠዋት ልጆች ትምህርት ቤት፣ ከዚያ ቢሮ፣ ከቢሮ ገበያ፣ ከገበያ ቤት፣ ማታ የወሩን ኪራይና የነገውን አስቤዛ እያሰሉ መተኛት። መሀል መሀሉ ላይ ባጃጅ ጥበቃ አለ። ባጃጅ የማይሠራበት ቀን ከመጣ ደግሞ ወይ በእግር ነው፣ ወይ "እባክህ አድርሰኝ" ነው። እዚያ እስክሄድ ድረስ አስቤው አላውቅም፣ ግን ዕድሜዬን ሙሉ የሄድኩበት ቦታ ሁሉ ሌላ ሰው ያደረሰኝ ነው። አባቴ፣ ወንድሜ፣ ባለቤቴ፣ ባለ ባጃጁ። መቼ እንደምነሳ፣ በየት በኩል እንደምሄድ፣ የት እንደምቆም የሚወስኑት እነሱ ነበሩ። ክፋት ኖሯቸው አይደለም። እየረዱኝ ነው። ግን ሰው ሁልጊዜ እየተረዳ ሲኖር ፍርሃቱ ከሥር ተደላድሎ ይቀመጣል።

አሁን ወደ ትምህርቱ።

ብዙዎቻችን ልጅ ሆነን የሞከርነው በአንድ ዓይነት መንገድ ነው። ታላቅ ወንድም መቀመጫውን ከኋላ ይይዛል፣ "ይዤሻለሁ፣ አትፍሪ" እያለ ይሮጣል፣ ከዚያ ሳይናገር ይለቃል። ዞር ስትዪ የለም። ትወድቂያለሽ፣ ሰፈሩ ይስቃል፣ አንቺም ሁለተኛ አትነኪውም። ጋሼ ይሄን ዘዴ አይወዱትም። "ተታላ የነዳች ልጅ እኔንም ሳይክሉንም አታምንም" ነው የሚሉት። ስለዚህ እሳቸው ከመጀመሪያውም አይይዙም። አንድም ቀን መቀመጫዬን አልያዙም። ማንም ስላልያዘኝ ማንም ይለቀኛል ብዬ አልፈራሁም። በሙሉ አፌ የማመሰግናቸው ለዚህ ነው። ሌላው ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ፔዳል የለም። ብሎን መፍቻ ያስይዟችሁና ራሳችሁ ትፈቱታላችሁ። የቀኙ ፔዳል እንደማንኛውም ብሎን ወደ ግራ ሲዞር ይፈታል። የግራው ጥርሱ የተገላቢጦሽ ነው፣ ወደ ቀኝ ነው የሚፈታው። ይሄን ያላወቀ ሰው እፈታለሁ ብሎ ይበልጥ እያጠበቀ ይታገላል። የጋሼ ልጅ አጠገባችሁ ቆማ ታያለች እንጂ መፍቻውን ከእጃችሁ አትቀማም። "መፍቻውን ወደ ላይ አቁሚና ወደ ኋላ ጎማ ግፊው፣ በሁለቱም በኩል ይሠራል" ትላለች፣ ትሠራላችሁ፣ ይሠራል። እጄ ግራሶ በግራሶ ሆኖ ሁለቱን ፔዳሎች አግዳሚው ላይ ሳስቀምጥ ያ የምፈራው ዕቃ ብረትና ብሎን መሆኑን አየሁ። ገና አልተቀመጥኩበትም፣ ግማሹ ፍርሃት ግን እዚያው አለፈ።

ቀጥሎ መቀመጫው ዝቅ ይላል። ሁለቱም እግሮች ሙሉ በሙሉ መሬት መርገጥ አለባቸው። መሬቱን በእግር እየገፋችሁ ትሄዳላችሁ፣ ዝም ብሎ ወደፊት። መውደቅ የለም፣ እግራችሁ መሬት ላይ ነውና። ቀስ በቀስ ግፊቱ ይረዝማል፣ ሳይታወቃችሁ ሁለቱም እግሮች አየር ላይ ይቆያሉ። ሰው ሁሉ የሚጨነቅበት የሚዛን ነገር ያለቀው እዚህ ነው። ፔዳል መምታት ከዚያ በኋላ ቀላል ነው፣ ማንም ያውቀዋል።

እዚህ ጋ የተማርኩትን አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ልትማሩ ባትሄዱም ይጠቅማችኋል። ሳይክል የሚወድቀው ሲያዘግም ነው። ስትፈሪ ታዘግሚያለሽ፣ ስታዘግሚ ይወላገዳል፣ ሲወላገድ ይበልጥ ትፈሪያለሽ። ደግሞ ወደ ግራ ማዘንበል ሲጀምር ሰውነታችን መሪውን ወደ ቀኝ መጎተት ይፈልጋል፣ የሚጥለን እሱ ነው። መሪውን ወደሚያዘነብልበት ወደ ግራ ትንሽ ስትሰጪው ጎማው ከሥርሽ ይመለስና ያቃናሻል። ይሄ ለአእምሮ አይዋጥም። ሊጥልሽ ወደሚሄድበት ጎን ዙሪ መባል ማን ይቀበላል? ግን እግር መሬት ላይ እያለ ደጋግመሽ ስትሞክሪው እጅሽ ይለምደዋል፣ ከዚያ አታስቢውም።

የጋሼ ሁለተኛ ብልሃት የታንኳ ቆጠራው ነው። ጀማሪ ሁሉ መሪውን አንቆ ይይዛል፣ ዓይኑን የፊት ጎማው ላይ ይተክላል፣ ትንፋሹን ይይዛል። "ዘና በይ" ቢባል አይሰማም፣ "ዘና በይ" ተብሎ ዘና ያለ ሰውም አይቼ አላውቅም። ጋሼ ግን ከሩቅ ሆነው "እታለም፣ ስንት ታንኳ አየሽ?" ብለው ይጠይቃሉ። ጠዋት ጠዋት ሐይቁ ላይ አሳ አጥማጆች የደንገል ታንኳቸውን እየቀዘፉ ይወጣሉ። ለመቁጠር ቀና ማለት የግድ ነው። ለመመለስ መተንፈስ የግድ ነው። "አራት!" ብዬ ስጮህ ትከሻዬ ወርዶ፣ እጄ ላልቶ፣ ሳይክሉ ቀጥ ብሎ እየሄደ ነበር። "አምስተኛዋን ዘለልሻት፣ ተመለሺና ቁጠሪ" አሉኝ። ተመለስኩ። መመለስ ማለት መታጠፍ መሆኑን ያስታወስኩት ከታጠፍኩ በኋላ ነው።

ስለ ደንባቸውም ልንገራችሁ። እኛ አገር ሰው ሲወድቅ "እኔን!" ብሎ መሮጥ፣ አቧራውን ማራገፍ፣ ማንሳት፣ ውሃ ማምጣት ነው ወጉ። ደግ ወግ ነው፣ እወደዋለሁ። እዚያ ግን ክልክል ነው። አንዷ ስትወድቅ ሌላዋ ባለችበት ቆማ "ልምጣ?" ብላ ትጠይቃለች። "ነይ" ከተባለች ትመጣለች፣ "ቆይ" ከተባለች ትቆያለች። መጀመሪያ ጭካኔ መስሎኝ ነበር። ስወድቅ ግን ገባኝ። አቧራው ላይ ቁጭ ብዬ ጉልበቴን አየሁ፣ ትንሽ ተልጧል፣ ሌላ ምንም የለም። "ልምጣ?" የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ "ቆይ፣ ደህና ነኝ" አልኩ፣ ተነሳሁ። ደህና መሆኔን የወሰንኩት እኔ ነኝ። አሥር ሰው "እኔን ይድፋኝ" እያለ ቢከበኝ ኖሮ ያቺ ትንሽ ቁስል ትልቅ አደጋ ሆና ቤት ድረስ ትከተለኝ ነበር።

አብረውኝ የሚማሩት ደግሞ ሌላው ትርፍ ናቸው። ጡረታዋ የደረሰ ነርስ ነበረች፣ አሳ ነጋዴ ነበረች፣ ከገጠር መጥታ ዩኒቨርሲቲው ፔዳ ግቢ የምትማር ልጅ ነበረች። ነርሷ በሳቅም በልቅሶም የማይገለጥ ትዕግሥት ነበራት፣ ከሁላችንም ዘግይታ ቻለች፣ አሁን ከሁላችንም በላይ ሩቅ የምትሄደው እሷ ናት።

የሰው ዓይን ግን የራሱ ጣጣ አለው። እውነቱን ለመናገር ጋሼ ለዚህኛው ትምህርት የላቸውም። የረዳኝ ሰዓቱ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሐይቅ ዳር ያለው ሰው ወይ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለስ ነው፣ ወይ ስፖርት የሚሠራ ነው፣ ወይ አሳ የሚጠብቅ ነው። ሁሉም የራሱ ጉዳይ አለው። ወደ ዋናው መንገድ የወጣን ቀን የሰፈር ልጆች "ጎማሽ ይዞራል!" እያሉ ሮጡብን፣ አሳ ነጋዴዋ "ባይዞርማ ጉድ ፈልቶ ነበር!" ብላ መለሰችላቸው፣ አለቀ። አንዲት ነጭ ነጠላ የለበሱ እናት ደግሞ ቆም ብለው እያዩን ስለነበር ሊቆጡ ነው ብዬ ተሳቀቅኩ። "እሰይ የኔ ልጅ፣ በርቺ። እኔም ቢሆን ምን ነበረበት" አሉ። ቀኑን ሙሉ ይቺ "ምን ነበረበት" ከጆሮዬ አልወጣችም። የምንፈራው የሰው ዓይን ውስጥ ስንት የሚመኝ ሰው አለ።

ጋሼ ግን ደፋር ሁኑ ብቻ እያሉ የሚለቁ ሰው አይደሉም፣ ይሄም ደስ ብሎኛል። ከባድ መኪና የሚበዛበት የጎንደር መንገድ ላይ ጀማሪ አያወጡም። ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበት አካባቢ ሲመሽ ወንዙ ዳር ቆሞ ፎቶ መነሳት ክልክል ነው፣ ጉማሬዎቹ ለግጦሽ የሚወጡት ሲጨልም ነው። የፊት ፍሬን ብቻውን በድንገት መያዝም እንደዚያው፣ ሰውን በመሪው ላይ አሻግሮ ይጥላል፣ የኋላውን ቀድሞ ወይም ሁለቱን አንድ ላይ ነው። የትኛው እጅ የትኛውን ፍሬን እንደሚይዝ ከሳይክል ሳይክል ይለያያል፣ ስለዚህ ከመውጣታችሁ በፊት ቆማችሁ ሞክሩት።

የመጨረሻው ትምህርት አዲሱ የዓባይ ድልድይ ላይ ነው። በ2016 ግንቦት የተመረቀው፣ 380 ሜትር ርዝመት ያለው። ለሳይክልና ለእግረኛ የራሱ መስመር ስላለው ለጀማሪ አያስጨንቅም። በባጃጅም በመኪናም ብዙ ጊዜ አልፌበታለሁ፣ አይቼው ግን አላውቅም ማለት ይቻላል። ድልድዩ መሀል ላይ መቆም አማረኝና ቆምኩ። ለማንም "እዚህ ጋ አቁምልኝ" አላልኩም። በአንዱ በኩል ሐይቁ፣ በሌላው በኩል ወንዙ ወደ ጢስ ዓባይ ሲወርድ። እስኪበቃኝ አየሁ፣ ሲበቃኝ ሄድኩ። ለሌላው ሰው ይሄ ምንም ላይሆን ይችላል። ለኔ ግን ትልቅ ነገር ነበር፣ አሁንም ነው።

ሕይወቴ ተቀየረ አልላችሁም። ኪራዩ አልቀነሰም፣ የቢሮው ሥራ ያው ነው፣ ልጆቹም ያው ይርባቸዋል። ግን ከቢሮ ወጥቼ ቤት እስክገባ ያለችው ጊዜ የኔ ሆናለች። አንዳንድ ቀን አጭሩን መንገድ ትቼ በሐይቁ በኩል አዞራለሁ። የተናደድኩበት ነገር ካለ እዚያው ነፋሱ ላይ ይቀራል። በፊት ቤት ይዤው ነበር የምገባው፣ ልጆቼ ይመሰክራሉ።

አሁን የሚታረመውን ልጻፍ፣ እንድትዘጋጁ።

ሄልሜት ጥቂት ነው፣ ያሉትም ትልልቅ ናቸው። ሹሩባ የተሠራ ፀጉር ላይ እንኳን ይንሸራተታሉ። ዘግይቶ የመጣ ያለ ሄልሜት ነው የሚማረው፣ ይሄ ልክ አይደለም። የሳይክሎቹ ይዞታም አንድ አይደለም። አንድ ቀን የተሰጠኝ የኋላ ፍሬኑ የላላ ነበር፣ ስናገር ወዲያው አጠበቁት፣ ግን ሳልናገር መታየት ነበረበት። ጎማውን በጣት ጫኑት፣ ሁለቱን ፍሬኖች ያዙ፣ ካቴናውን እዩ፣ ከዚያ ውጡ። ለአጭር ሰው የሚሆን ሳይክል አንድ ብቻ ናት፣ እሷን ለማግኘት መሽቀዳደም አለ። ጎን ካለው የሳይክል ማከራያ የሚሰበሰቡ ወጣቶች አንዳንዴ አስተያየት ይሰጣሉ፣ ጋሼ ካሉ ዝም ያሰኟቸዋል፣ ከሌሉ ግን ልጃቸው ብቻዋን ትቸገራለች። መጸዳጃ የለም። ክረምት ላይ ዝናብ ከሆነ ትምህርት የለም፣ ቀድሞ የሚነግራችሁም የለም።

ዋጋው ይለዋወጣል፣ ስትሄዱ ጠይቁ። እኔ ስማር የአንድ ሰዓቱ ክፍያ በኮንትራት ባጃጅ ራቅ ያለ ሰፈር ደርሶ ከመመለስ ብዙም አይበልጥም ነበር። በቴሌብር ይቀበላሉ። አስቀድማችሁ ሁሉንም እንድትከፍሉ አይጠይቁም፣ የመጣችሁበትን ብቻ ነው። ይሄ ለኛ ለወር ደሞዝተኞች ትልቅ ነገር ነው።

ጠዋት ከ12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ያለውን ምረጡ። ከሰዓት ከሐይቁ የሚነሳው ነፋስ ለጀማሪ ያስቸግራል፣ እሑድ ደግሞ ከቅዳሴ በኋላ ቦታው ይጨናነቃል። ቀሚስ የምትለብሱ መሀሉ ዝቅ ያለውን፣ ካቴናው የተሸፈነውን ሳይክል ጠይቁ። ነጠላም ሆነ ሻርፕ ወገብ ላይ ጠበቅ አድርጋችሁ እሰሩት፣ ጫፉ ካቴና ውስጥ ከገባ አደገኛ ነው። ክፍት ነጠላ ጫማ አታድርጉ።

ጋሼ፣ ልጅዎ ይሄን ካነበበችልዎ፦ እባክዎ ሄልሜት ይጨምሩ፣ ትንንሽ ቁጥር ያላቸውን። የተማርን ሴቶች ተሰባስበን አንድ ሁለቱን ለመግዛት ተነጋግረናል፣ እምቢ እንዳይሉን። እናንተ ደግሞ ለመምጣት ያሰባችሁ፣ ረቡዕ ጠዋት ከኛ ውስጥ ሁለት ሦስታችን እዚያ አንጠፋም። ብቻዬን እንዴት እገባለሁ የምትሉ ካላችሁ በዚያ ቀን ኑ።